ስሙን ትተን ስኮላርሺፑን ያዝን፦ የአሜሪካ የመንግስት ዩኒቨርሲቲ ከሁለት ዓመት በኋላ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ሱቄ እየመጡ እህትህ እንዴት ሄደች፣ ስንት ከፈላችሁ፣ ያንን ትልቁን ትምህርት ቤት ለምን እምቢ አላችሁ የሚሉኝ ሰዎች በጣም በዝተዋል። ለአንዱ አስረድቼ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል፣ በችኮላ የነገርኳቸው ደግሞ ግማሹን ብቻ ይዘው ሄደው ሌላ ነገር ሲያወሩ ሰማሁ፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ልጻፈው ብዬ ነው። ሰው ስለ ሆቴል ስለ ስልክ ስለ ባጃጅ ይገመግማል፣ እኔ የምገመግመው ቤተሰባችን እስከዛሬ ከገዛው ነገር ሁሉ ውዱን ነው፣ የእህቴን ትምህርት። የትምህርት ቤቷን ስም አልጽፍም፣ አደራ እንዳትጽፍ ብላኛለች። ከአሜሪካ ደቡባዊ ስቴቶች በአንዱ ያለ ትልቅ የመንግስት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ነው የምትማረው፣ አሁን ሁለተኛ ዓመቷን ልትጨርስ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው። አሜሪካ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ የመንግስት ዩኒቨርሲቲዎች አሉት። የስቴቱ ነዋሪ ልጅ ቤተሰቡ እዛው ግብር ስለሚከፍል በቅናሽ ይማራል፣ ኢን ስቴት ይሉታል። ከሌላ ቦታ የመጣው አውት ኦፍ ስቴት ተብሎ እጥፍ፣ አንዳንዱ ጋ ሦስት እጥፍ ይከፍላል። ከድሬ ለሚሄድ ልጅ ሃምሳውም ስቴት የሰው አገር ነው፣ የትም ቢያመለክት ትልቁን ዋጋ ነው የሚጠሩለት። ግን አንዳንዶቹ ጎበዝ ተማሪ ከውጭ ለመሳብ ሲሉ ያንን ትልቁን ዋጋ በውጤት ይቀንሱታል፣ ሜሪት ስኮላርሺፕ የሚሉት ይሄን ነው። የአባትህን ደሞዝ አይጠይቁህም፣ ኤስ ኤ ቲ የሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ውጤትህንና የክፍል አማካይህን፣ ጂፒኤ የሚሉትን፣ ነው የሚያዩት። የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ በዚህ ለዓመታት የታወቀ ነው፣ ዌብሳይቱ ላይ ሰንጠረዥ አውጥቶ ይሄን ያህል ኤስ ኤ ቲና ይሄን ያህል ጂፒኤ ካለህ ይሄን ያህል ዶላር እሰጥሃለሁ ይላል። ሰንጠረዡ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ የአምናውን ይዛችሁ እንዳትሸወዱ። ቴክሳስ ደግሞ የራሷ ነገር አላት፣ ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ቢያንስ 1,000 ዶላር የውድድር ስኮላርሺፕ ያገኘ የውጭ ተማሪ በኢን ስቴት ዋጋ እንዲከፍል የሚፈቅድ ሕግ አለ። ሺ ዶላሯ ትንሽ ትመስላለች፣ ግን በሩን የምትከፍተው እሷ ናት።

እነዚያ ሁላችንም በስም የምናውቃቸው፣ ሃርቫርድ የል ፕሪንስተን፣ አይቪ ሊግ የሚባሉት ስምንቱ፣ ጎበዝ ስለሆንክ ብለው የሚሰጡት ስኮላርሺፕ ጭራሽ የላቸውም። እነሱ ጋ እርዳታ የሚሰጠው የቤተሰብ አቅም ታይቶ ብቻ ነው። ይሄን እኔም አላውቅም ነበር፣ ሰፈራችንም አያውቅም፣ እንዲያውም ሁላችንም ተቃራኒውን ነበር የምናስበው፣ ልጅ በጣም ጎበዝ ከሆነ ትልቁ ትምህርት ቤት በነጻ ይወስደዋል ነው የምንለው። ብዙ ቤተሰብ ውሳኔው የሚበላሸው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

እህቴ የተወለደችው በ1998 ነው፣ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከደንገጎ ተራራ በኩል ወርዶ ድሬን በመታበት ዓመት። ድሬ ላለ ሰው ያቺን ሌሊት ማስረዳት አያስፈልግም፣ ከ200 በላይ ሰው ነው ያለቀው፣ የኛም ቤት የጓሮ ግድግዳ ሄዷል፣ አያቴ ልጅቷን በነጠላ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አድርጋ ነው የወጣችው። ልጅቷ ይሄን ታሪክ እየሰማች ነው ያደገችው፣ ውሃ ውሃ የምትለው ከዛ ነው። እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገቻት አያታችን ናት፣ እኔ ደግሞ ቀፊራ አካባቢ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። 12ኛን የጨረሰችው በ2015 ነው፣ በዚያ ዓመት ከተፈተነው ተማሪ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ብቻ ነበር፣ እሷ ከነዚህ አንዷ ናት። ማለትም እዚሁ አገሯ ቦታ ነበራት። አንድ ዓመት ልሞክር አለች፣ ሞክሪ አልናት።

ኤስ ኤ ቲውን አዲስ አበባ ነው የተፈተነችው፣ ሁለቴ፣ ሁለቱንም ጊዜ በባቡር አብሬያት ሄጃለሁ። ፈተናው አሁን ወረቀት የለውም፣ በላፕቶፕ ነው፣ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ፣ 98 ጥያቄ። ለአንዱ ፈተና ከ100 ዶላር በላይ ይከፈላል፣ በዶላር ካርድ ስለሆነ አትላንታ ያለችው አክስቴ ናት የከፈለችው። ላፕቶፑን የተዋስነው ከጎረቤት ነው፣ ባትሪው ቶሎ ይሞት ስለነበር ከመሄዳችን በፊት ባትሪ አስቀየርንለት፣ ይሄን የምላችሁ ፈተና መሃል ላይ ማሽኑ ቢጠፋ የስንት ወር ልፋት ገደል ስለሚገባ ነው። ጥናቷ በሙሉ ካን አካዳሚ የሚባል የኢንተርኔት ማስተማሪያ ላይ በነጻ ነበር፣ መብራት ሲሄድ ሱቅ ትመጣና እዛ ታጠና ነበር። መጀመሪያ ነሐሴ ላይ 1330 አመጣች፣ ጥቅምት ላይ ደግማ 1470። ይቺ 140 ነጥብ ለኛ ስንት ዶላር እንደሆነች በኋላ ነው የገባኝ። በመጀመሪያው ውጤት ቢሆን ስኮላርሺፑ የቲዩሽኑን፣ ማለት የትምህርት ክፍያውን፣ ግማሽ አካባቢ ነበር የሚሸፍነው፣ በሁለተኛው ሙሉ ቲዩሽን ሆነ። አቦ አንድ ልጅ በሁለት ወር ጥናት በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ የሚያገኝበት ሥራ የት አለ? ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ መፈተን ውድ ነው የሚል ወላጅ ካለ እባካችሁ እንደገና አስቡበት።

እዚህ ጋ አንድ ያቃጠለኝን ነገር ልናገር። ከዚያ በፊት ለአንድ ጉዳይ አስፈጻሚ 25,000 ብር ከፍለናል፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ አስገኛለሁ፣ ሰው አለኝ እዛ ብሎን። ያደረገው ነገር ኮመን አፕ የሚባለው የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ዌብሳይት ላይ አካውንት መክፈት ብቻ ነው፣ እሱንም በሷ ኢሜይል ሳይሆን በራሱ ኢሜይል ነው የከፈተው፣ ፓስወርዱን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ለመንነው። ስም አልጠራም፣ ብሩም አልተመለሰም። የአሜሪካ ኤምባሲ ኤዱኬሽን ዩ ኤስ ኤ የሚባል የምክር አገልግሎት አለው፣ በነጻ ነው፣ ስኮላርሺፕ ሰጪው ራሱ ዩኒቨርሲቲው ስለሆነ መሃል ላይ የሚገባ ሰው የለም። ለማመልከቻ የሚከፈለውንም ብዙዎቹ በኢሜይል በትህትና ከጠየቃችኋቸው ይተዉላችኋል፣ እሷ ከጠየቀቻቸው ሰባት አምስቱ ትተውላታል።

መጋቢት ላይ መልስ መጣ። ሁለት ደብዳቤ ነበር ቁምነገሩ። አንደኛው ስሙን ሲጠሩት ሰው ቁጭ ብድግ ከሚልለት የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ሁለቱንም አሳተምኳቸውና ሱቅ ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። የታዋቂው ደብዳቤ ሁለተኛ መስመር ላይ ግራንት፣ የማይመለስ እርዳታ ማለት ነው፣ 41,000 ዶላር ይላል። በጊዜው ሱቅ ውስጥ አራት ሰው ነበር፣ ሁሉም አጨበጨበ፣ አንዱ ለስላሳ ላስመጣ ብሎ ወጣ፣ እኔም እጄ ተንቀጠቀጠ። ከዛ እህቴ ዝም ብላ ጣቷን ወደ ታች አወረደችና መጨረሻው ላይ ያለውን አሳየችኝ። የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 84,000፣ ከሱ ላይ 41,000 ሲነሳ በዓመት 43,000 ዶላር እናንተ ትከፍላላችሁ ነው የሚለው። በአራት ዓመት 172,000። የካርኒ ደብተሬ ጀርባ ላይ ነው ያባዛሁት፣ ደብተሩ እስከዛሬ አለ።

የመንግስቱ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ደግሞ ሲያዩት ተራ ነገር ነው፣ አንድ ገጽ። ቲዩሽን ከ30,000 በላይ፣ ስኮላርሺፕ ሙሉ ቲዩሽን ለስምንት ሴሚስተር፣ ጂፒኤዋ ከ3.0 እንዳይወርድና በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት እንድትወስድ። የሚቀረው ዶርም፣ ምግብ፣ የጤና ኢንሹራንስና ልዩ ልዩ ክፍያ ነው፣ በመጀመሪያው ዓመት 17,000 ዶላር አካባቢ። ይቺን 17,000 ልብ በሉልኝ፣ ብዙ ሰው ሙሉ ቲዩሽን ሲባል ሁሉም ነጻ ይመስለዋል፣ አይደለም። ሙሉ ቲዩሽን ማለት የመማሪያ ክፍሉ ወንበር ማለት ነው፣ አልጋውና እንጀራው የብቻው ነው።

ከዛ ቤት ውስጥ ክርክሩ ተጀመረ። የቤተሰብ ስብሰባ ያደረግነው አንድ ቅዳሜ ማታ ነው፣ ግቢ ውስጥ ቡና ተፈልቶ አክስቴ ከአትላንታ ስልክ ላይ ሆና። የሰፈራችን አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ አክብረን የጠራናቸው፣ ልጄ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፣ ያንን ስም ትታ ማንም ወደማያውቀው ከሄደች ነገ ትጸጸታላችሁ አሉ። አክስቴም ልቧ ወደዛው ነበር፣ እኔ ዋስ ሆኜ ብድር እፈርማለሁ አለች። እዛ አገር የውጭ ተማሪ ከግል ባንክ ሲበደር አብዛኛውን ጊዜ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው አብሮ ይፈርማል፣ ልጅቷ መክፈል ካቃታት ባንኩ የሚመጣው ወደ ፈረመው ሰው ነው። አክስቴ ሁለት ልጅ አላት፣ ባሏ ትራክ ይነዳል፣ የቤት ክፍያ አለባቸው። እኔ አይሆንም አልኩ፣ ድምጼን ከፍ አድርጌ ነበር፣ አሁንም ቅር አይለኝም። አያቴ ስኒዎቹን እየሰበሰበች ዝም ብላ ቆይታ ቆይታ፣ ስሙ ለመቃብር ይሁን፣ እኔ በሕይወት እያለሁ አንዷ ልጄ ሌላዋን ልጄን ዕዳ ውስጥ ስትከት አላይም አለች። በቃ፣ ከዛ በኋላ የተናገረ የለም። እህቴ ያን ለሊት አልቅሳለች፣ ይሄንንም መደበቅ አልፈልግም፣ ያ ትምህርት ቤት ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ የምታልመው ነበር።

ገንዘቡን እንዴት እንዳደረግነው ልንገራችሁ፣ ለብዙ የድሬ ቤተሰብ የሚሆን ይመስለኛል። አክስቴ በየወሩ ለአያቴ ዶላር ትልክ ነበር፣ ለቤት ኪራይ፣ ለአስቤዛ፣ ለደም ግፊት መድሃኒቷ። እሱን እንድታቆም አደረግንና ዶላሩ እዛው ለዶርም እንዲውል፣ የአያቴን ወጪ ደግሞ እኔ እዚህ በብር እንድይዝ ተስማማን። ቶሮንቶ ያለው አጎቴ የቀረውን ጨመረ። ያን ጊዜ ይሄ ነገር ምን ያህል እንደሚያድነን አላወቅንም። ልትሄድ ሳምንት ሲቀራት፣ ሐምሌ 22/2016፣ ብሩ ለገበያ ተለቀቀና 57 አካባቢ የነበረው ዶላር ትንሽ ሳይቆይ ከ100 አለፈ። እዚህ ዶላር ገዝተን እንከፍላለን ብለን አስበን ቢሆን ኖሮ እዛው ነበር የምንቀረው። ያንን 43,000 በዓመት አስቡት እስቲ። አንድ የማውቀው ሰው ልጁን በሙሉ ክፍያ ልኮ በዛው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ሳትመዘገብ ቀርታለች፣ ጉብዝናዋ ምንም አልጎደለባትም።

ቪዛውን ባጭሩ። ሴቪስ የሚባለው የውጭ ተማሪ መመዝገቢያ ክፍያ ያኔ 350 ዶላር፣ የቪዛው 185 ዶላር ነበር፣ ቃለ መጠይቁ አዲስ አበባ። ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚሰጠው አይ ትዌንቲ የሚባለው ወረቀት ላይ የዓመቱ ወጪ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍል በመስመር በመስመር ተጽፏል፣ ትምህርት ቤቱ ይሄን ያህል፣ ዘመድ ይሄን ያህል። ያንን በቃሏ እስክታውቅ አስጠናኋት፣ ማን ነው የሚከፍልልሽ ስትባል ሳትደናገጥ መለሰች።

አሁን ወደ ግምገማው ልግባ።

ትምህርቱ። የመጀመሪያ ሴሚስተር የካልኩለስ ክፍሏ 180 ተማሪ ነበር፣ አስተማሪው ስሟን አያውቅም፣ ያኔ ደውላ ተሳስተናል መሰለኝ ብላኝ ነበር፣ እኔም ሆዴ ተረበሸ። በኋላ ኦነርስ የሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ገባች፣ ውጤት ላላቸው ልጆች ክፍሉን ወደ 20 ሰው የሚያወርድ ነው፣ ከዛ ነገሩ ተቀየረ። ደግሞ ኦፊስ አወር የሚባል አላቸው፣ አስተማሪው ቢሮው ቁጭ ብሎ ተማሪ የሚጠብቅበት ሰዓት። እሷ ስትሄድ ብዙ ጊዜ ብቻዋን ናት፣ ሌሎቹ ልጆች አይሄዱም። በዛ ምክንያት ሁለተኛ ዓመት ላይ አንዷ ፕሮፌሰር የውሃ ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ ሰጠቻት። ታዋቂው ትምህርት ቤት ይሄ ዕድል በመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ደረጃ ይገኝ ነበር ወይ እያልን አንዳንዴ እናወራለን። እኔ የማውቀው በውሃ ምህንድስና በኩል ስማቸው የሚጠራው እነ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ፣ እነ ኮሎራዶ ስቴት የመንግስት ትምህርት ቤቶች መሆናቸውን ነው። የትምህርት ቤቱን ስም ሳይሆን የዲፓርትመንቱን ላቦራቶሪ ጠይቁ።

ዋጋው። ሁለተኛ ዓመት ላይ አር ኤ ሆነች፣ ማለት የዶርሙን ፎቅ ተማሪዎች የምትቆጣጠር፣ በምትኩ አልጋዋ ነጻ። ኤፍ ዋን በሚባለው የተማሪ ቪዛ ላይ ያለ ተማሪ ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ስለሚፈቀድለት ይሄ ሕጋዊ ነው። 17,000 የነበረው ወደ 7,000 ወረደ፣ አክስቴ ዘንድሮ ለአያቴ ትንሽ ትንሽ መላክ ጀምራለች። ይሄን ዓይነት ነገር ደብዳቤው ላይ አይጻፍም፣ ሄደው ነው የሚያገኙት፣ ግን ተማሪዋ መጠየቅ አለባት፣ የሚጠራት የለም።

ያልወደድኩት። መኪና ከሌለህ እስረኛ ነህ፣ አውቶቡስ የሚባል ነገር እንደልብ የለም፣ ሱፐርማርኬት ለመሄድ ሰው መለመን አለባት። የገና ሰሞን ዶርሙ ይዘጋል፣ ውጡ ይባላሉ፣ ዘመድ የሌለው ልጅ የት ይገባል ብሎ ያሰበ ያለ አይመስልም፣ እሷ አክስቴ አትላንታ ስላለችላት ተረፈች። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የምግብ ካርድ የግድ መግዛት አለበት፣ ጾም ላይ ሆና የማትበላውን ሁሉ ከፍላለች። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ደግሞ በየክሬዲቱ የሚጨመር ክፍያ አለ፣ ሰንጠረዡ ላይ በትንሽ ፊደል ነው ያለው፣ አስቀድማችሁ ፈልጉት። ሙቀቱን ከድሬ የሄደ ሰው ምን ይለዋል ብዬ ነበር፣ እሷ ግን የድሬ ሙቀት ይደርቃል፣ የዚህ ከላይሽ ላይ አይወርድም ነው የምትለው። ምረቃ ሲደርስ ሥራ ለመቅጠር ግቢ የሚመጡት ድርጅቶችም በአብዛኛው የአካባቢው ናቸው። ኒውዮርክ ትልልቅ ባንክ ውስጥ መግባት ለሚያልም ልጅ ስም ዋጋ አለው፣ ይሄን አልክድም። ድልድይና ቦይ ለሚሠራ ሰው ግን ሌላ ነው።

ማን ይሄን መንገድ አይምረጥ? ሃርቫርድ፣ የል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲ፣ አምኸርስት፣ እነዚህ የውጭ ተማሪንም ሲቀበሉ መክፈል መቻሉን ሳያዩ ተቀብለው የጎደለውን ሙሉ የሚሸፍኑ ናቸው። ልጃችሁ እዛ ከገባች ምንም ሳታስቡ ላኳት፣ ያኔ ስሙም ገንዘቡም አንድ ላይ መጣ ማለት ነው። ለነሱ ሲ ኤስ ኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን የገቢ ፎርም በጊዜ ሙሉ። የኔ ጸብ ስሙን ሰጥቶ ግማሹን ዕዳ ከሚያሸክመው ጋር ነው። ሁለተኛ፣ ውጭ አገር የሚያግዝ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ሙሉ ቲዩሽን አገኘሁ ብሎ ቤት እንዳይሸጥ፣ እባካችሁ፣ ያቺ የአልጋና የምግብ ገንዘብ በየዓመቱ ነው የምትመጣው። እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያ ዲግሪን እዚሁ ሐረማያ ወይ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ለማስተርስና ለፒኤችዲ መሄድ ይሻላል፣ በተለይ ፒኤችዲ ላይ እየሠራህ ደሞዝ እየከፈሉህ የምትማርበት ነገር ብዙ ነው።

ሐረማያን ካነሳሁ አይቀር፣ ማንም የማያውቀው ትምህርት ቤት ላሉት ሰውዬ ያን ማታ አፌ ላይ መጥቶ ያልተናገርኩት አለ፣ አሁን ልጻፈው። እዚህ ከድሬ ሽቅብ ስትወጣ ያለውን የአለማያ እርሻ ኮሌጅን፣ የዛሬውን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲን፣ ከኛ መንግስት ጋር ሆኖ ያቋቋመው ሃርቫርድ አይደለም። ኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም የሚባል የመንግስት ኮሌጅ ነው፣ ዛሬ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ተፈራርመው። ጃንሆይም እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ ሲሄዱ ኦክላሆማ ድረስ ሄደው ያንን ኮሌጅ ጎብኝተዋል። እዛ አለማያ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የሠሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጀታ ደግሞ ፒኤችዲያቸውን ፐርዱ ነው የሠሩት፣ እሱም የኢንዲያና የመንግስት ዩኒቨርሲቲ ነው። አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረም የማይጥለው ማሽላ አውጥተው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። ማሽላ ለሐረርጌ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ለድሬ ሰው አልነግርም። የገበሬ ልጅ የሚገባበት፣ እርሻና መንገድ የሚሠራ ሰው የሚወጣበት ተብለው ነው እነዚህ ትምህርት ቤቶች የተመሠረቱት፣ ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1862 የፈረመው ሕግ ነው ለብዙዎቹ መሬት የሰጣቸው።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ለትምህርቱ 5፣ ለዋጋው 5፣ ለትራንስፖርቱ 2፣ ለምግቡ 2፣ ለውጭ ተማሪ ለሚያደርጉት እንክብካቤ 3 ተኩል። ለኔ የሚመዝኑት ትምህርቱና ዋጋው ስለሆኑ በጠቅላላው ከ5 አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። እህቴን ጠይቄያት ነበር፣ አራት በል አለችኝ፣ ለገናው ዶርም ግማሽ ነጥብ ቀነሰች።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። ላቦራቶሪው ውስጥ ግድግዳው መስታወት የሆነ ረጅም ቦይ አለ፣ ከታች አሸዋ ሞልተውበታል፣ ደረቅ ነው፣ ልክ ደቻቱ በበጋ እንደሚሆነው፣ ሰው የሚሻገረው ባጃጅ የሚያልፍበት የሚመስል። ከዛ በአንድ ጊዜ ውሃ ለቀቁበት። አሸዋው መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዛ ከስር ከስሩ መሄድ ጀመረ፣ መሃል ላይ የተከሏት ትንሽዬ የእንጨት ምሰሶ ሥሯ ተቦርቡሮ ተቦርቡሮ ዘንበል አለች። ለአያቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ሁለቴ አየችው፣ ሦስተኛ ስታይ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ወደ ዓይኗ አስጠጋችና ውሃውን ከየት ነው የሚለቁት አለችኝ። ለእህቴ ጻፍኩላት። ወዲያው መለሰች፣ ከላይ ነው፣ ከደንገጎ በኩል በላት።